አለቃ ብቻ የሚያውቀው ስም

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ፡፡ አንደኛ ክፍል ስትማሩ በክፍላችሁ ውስጥ የሁሉንም ልጅ ስም የሚያውቀው ማን ነበር? ቲቸር እንዳትሉን፡፡ ቲቸር ስም የምትጠራው ከመዝገብ ላይ ነው፤ መዝገቡን ከከደነችው በኋላ «አንተ ባለ ቀይ ሹራቡ» ነው የምትለው፡፡ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አለቃው ነው፡፡ አለቃው ስማችንን ያጠናው ደግሞ ስለሚወደን አልነበረም፡፡ ቲቸር ቢሮ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ «ረባሽ» የሚል ርዕስ ጽፎ ከሥሩ ስም መደርደር ስለነበረበት ነው፡፡ ስሙን የማያውቀው ልጅ ሲያወራ ካየ አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቃል፤ እሱም ካላወቀ «ከመስኮቱ ሥር ያለው» ብሎ ይጽፋል፡፡ አለንጋው ስም አይመርጥም፤ «ከመስኮቱ ሥር ያለው»ም ድርሻውን እኩል ይቀበላል፡፡

ይህችን ያነሳናት ለትዝታ ብለን አይደለም (ትዝታ ለመጻፍ ገና ነን)፡፡ የምንለው ነገር ስላለን ነው፡፡ እኛ በተማርንባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአንድ ሕፃን ስም የሚጠራው ለሦስት ጉዳይ ነበር፤ መገኘቱን ለማረጋገጥ፣ ለመቅጣት፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ስንተኛ እንደወጣ ለመንገር፡፡ ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ተብሎ የተመደበ አንድም ክፍለ ጊዜ አላየንም፡፡ መተዋወቅ እንደ ወተት ጥርስ መውለቅ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ተደርጎ ይታሰባል፡፡

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ግን በራሱ ጊዜ አይመጣም፡፡

ይህን የምንጽፈው ከነዚሁ ከሦስቱ ከተሞች የወጣን ልጆች ነን፡፡ አንዳችን በጅማ መንገድ፣ አንዳችን በአምቦ መንገድ፣ አንዳችን ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ነው ያደግነው፡፡ መንገዶቹ ይለያዩ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፡፡ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲንር ሰው ወደነዚህ ይወጣል፤ ከገጠር የመጣው ደግሞ አዲስ አበባን ከመሞከሩ በፊት እዚህ ያርፋል፡፡ ሰበታ የቢራውም የጨርቃ ጨርቁም ፋብሪካ አለ፤ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድም የሚነሳው ከዚያ ነው፡፡ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ከወሎም ከወላይታም ከወለጋም የመጣ ወዛደር አለ፡፡ ቡራዩ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ሽመናቸውን ዘርግተው ልጅ ያሳደጉባት ከተማ ናት፡፡ ሱሉልታን እናንተ የምታውቋት በሯጮቿና በብርዷ ይሆናል፤ እኛ የምናውቃት ግን የነባር ገበሬ ልጅና የአዲስ ተከራይ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ በሚከርሙባት ክፍል ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃልለው «ሸገር ከተማ» ተብለዋል፡፡ የከተማው ስም ተቀየረ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጉዳይ ባለበት አለ፡፡

አንድ ነባር የአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ያደገ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ግማሹን ክፍል ከሰፈር ያውቀዋል፡፡ ብይ አብሮት ተጫውቷል፣ ተፈንክቷል፣ ታርቋል፣ የእናቱን የዕድር ጓደኞች ልጆች አንድ በአንድ ይለያል፡፡ የእኛዎቹ ልጆች ግን ክፍል የሚገቡት ማንም ማንንም ሳያውቅ ነው፡፡ መስከረም ላይ የጀመሩትም ሰኔ ላይ አብረው አይገኙም፡፡ አከራይ ኪራይ ጨመረ ተብሎ ጥር ላይ አንዱ ይሄዳል፤ መጋቢት ላይ ሌላው ከመሸኛው ጋር ይመጣል፡፡ መሸኛ ይዞ የመጣ ልጅ እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ አይደል? ርዕሰ መምህሩ በሩን ያንኳኳል፣ ልጁን ትከሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ገፋ ያደርገዋል፣ ቲቸር «እዚያ ጋ ተቀመጥ» ትላለች፣ ትምህርቱ ይቀጥላል፡፡ አለቀ፡፡ ስሙን የጠየቀው የለም፡፡ እስኪረብሽ ድረስ ስም የለውም ማለት ነው፡፡

ከዚህ የባሰም አለ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች በሺዎች ሲፈርሱ ልጆቹ ከነቤታቸው ነው ከክፍል የጠፉት፡፡ ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑም መግለጫ አውጥቷል፡፡ ፈረሰ አልፈረሰ፣ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ዛሬ አንገባበትም፡፡ እኛን የከነከነን ሌላ ነው፡፡ ጠዋት ክፍል የገባው የሰባት ዓመት ልጅ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው «ማን ነው የሄደው?» ተብሎ ቢጠየቅ ስም ይጠራል ወይስ «ያ ልጅ» ይላል?

መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ፣ የትምህርት መክፈቻ ሰሞን፣ ቡራዩና አሸዋ ሜዳ ላይ የሆነውን የማያስታውስ አንባቢ ያለን አይመስለንም፡፡ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሸሽተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ፡፡ ልብ በሉ፤ ልጆቹ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ገቡ፤ የገቡት ግን ለመማር ሳይሆን መሬቱ ላይ ለመተኛት ነው፡፡ ትልልቆቹ እንኳ አስታራቂ ነበራቸው፡፡ አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ለበቀል በወጡት ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ከተማዋን ከሌላ እሳት አተረፏት፡፡ ቡራዩ ክፍል ውስጥ ለቀሩት ሕፃናት ግን ባዶውን ዴስክ ማን አስረዳቸው? ምናልባት አንዲት አስተዋይ መምህርት ይህን አድርጋ ይሆናል፤ ካደረገች ጉልበቷን እንስማለን፡፡ እንደ አሠራር ግን አልነበረም፡፡

የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ስም ማወቁ ጥቃትን ያስቆማል ብለን ልንቀልድባችሁ አይደለም፡፡ ጥቃት ያደረሱት ስም ያልለመዱ ሕፃናት አይደሉም፤ መንጋና መንጋውን የነዱት ናቸው፡፡ እኛ የምንለው ትንሽ ነገር ነው፡፡ ስሙን የማታውቁትን ልጅ ስትጠሩ የግድ ሌላ ነገር ትፈልጋላችሁ፡፡ በሹራቡ ትጠሩታላችሁ፡፡ በቁመቱ ትጠሩታላችሁ፡፡ ሹራቡና ቁመቱ ካላዋጣ በብሔሩ ትጠሩታላችሁ፤ «ጉራጌው»፣ «ዶርዜው»፣ «ያ ኦሮሞው»፣ «አማራዋ»፡፡ ሕፃን ልጅ ይህን ከክፋት አያመጣውም፤ ቤት ውስጥ የሰማው እሱን ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ መጥሪያ ስላልሰጠው ነው፡፡ ስሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጆሮው ላይ ቢደጋገምለት ኖሮ «ዶርዜው» የሚለውን ምን ሊያደርግበት?

ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበውም እዚህ ጋ ነው፡፡ በነዚህ ከተሞች በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አንድ ግቢ ውስጥ የአፋን ኦሮሞ ክፍልና የአማርኛ ክፍል አለ፡፡ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ትክክል ነው፤ ይህ እንዲሆን ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል፣ እኛም ወደ ኋላ ይመለስ የምንል አይደለንም፡፡ በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ስሙ ተቀይሮ ሌላ ስም የተሰጠው አባት ወይም አያት ያለው አንባቢያችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቀዋል፡፡ ግን እስቲ ግቢውን እዩት፡፡ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አብረው ይሰለፋሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ፊደል ሌላው ወደ ቁቤ ይሄዳል፡፡ እረፍትም ላይ ኳሱ በክፍል ነው የሚከፈለው፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለቱንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ እንዲማሩ አድርጓቸዋል፡፡ ስለዚህ የሁለቱ ክፍል ልጆች አጥሩ ሥር ቢገናኙ በጋራ ያላቸው ትምህርት ቤት የሰጣቸው ዓረፍተ ነገር «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ነው! «ስምህ ማን ነው?»ን እና «መቃን ኬ ኤኙ?»ን ለመለዋወጥ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር፡፡ ለንደን ቢሄዱ ይግባባሉ፤ ቡራዩ ግን እንጃ፡፡

በ2012 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞን ጨምሮ አራት ተጨማሪ ቋንቋዎች የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲወሰን በየማኅበራዊ ገጹ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅን ታስታውሳላችሁ፡፡ ጥሩ ጭቅጭቅ ነበር፡፡ እዚያው ሰሞን ግን አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ሁለት አንደኛ ክፍሎች ለምን በስም እንደማይተዋወቁ ያነሳ ሰው አላጋጠመንም፡፡ እኛ ከተሜዎች ትልቁን ነገር እንወዳለን፡፡

ስለ ምሳ ዕቃም አንድ ነገር እንበል፡፡ አብሮ መብላት ቀላሉ መተዋወቂያ ነበር፡፡ ግን ስንቶቻችን ነን ጠዋት ከቤት ስንወጣ «የሰው ምግብ እንዳትቀምስ» ተብለን የተላክነው? ምክንያቱ ይገባናል፤ የሥጋው ጉዳይ አለ፣ ጾሙ አለ፣ የንጽሕናው ሥጋት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወላጅ ኩራት አለ (የእኛ ልጅ ለማኝ ይመስላል እንዴ?)፡፡ የእነ እንትና ልጅ ፓስታ ይዛ ትመጣለች፣ የእነ እንትና ልጅ ደረቅ እንጀራ፤ ሁለቱም ክዳኑን በግማሽ ከፍተው በእጃቸው ከልለው ይበላሉ፡፡ አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀምራለች፡፡ ስለ ምገባው የሚወራው ሁሉ ስለ ረሃብና ስለ ውጤት ነው፤ ትክክልም ነው፡፡ እኛ ግን ከአንድ ድስት የወጣ ምግብ ያመጣው ሌላም ትርፍ ይታየናል፤ ክዳን የሚከልል ልጅ ጠፍቷል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «ቆይ እንጂ፣ 1 ለ 5 ነበር እኮ» ሊለን ይችላል፡፡ ነበር፡፡ የ2000ዎቹን አጋማሽ በተማሪነት ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን ይዞ ያስጠናል፣ ቡድን ነው፣ የልማት ሠራዊት ነው፣ ወዘተ፡፡ እውነት ለመናገር 1 ለ 5 ቢያንስ ጥቂት ልጆች አስተዋውቆናል፡፡ ችግሩ ያስተዋወቀን በማዕረግ መሆኑ ነው፡፡ አንዱ አዋቂ፣ ሌሎቹ ተረጂ፡፡ አዋቂው ይናገራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፡፡ በዓመቱ መጨረሻ ሌሎቹ ስለ አንዱ የሚያውቁት አንደኛ እንደወጣ ነው፤ አንዱ ስለ ሌሎቹ የሚያውቀው እንዳልገባቸው ነው፡፡

ከዚህ ጋር የምናነጻጽረው አንድ ነገር አለ፡፡ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን በምትባል ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ሜክሲኮአዊም ልጆች በሕግ ትእዛዝ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲማሩ ሲደረግ ክፍሉ ወደ ጠብ ተለወጠ፡፡ በ1971 እ.ኤ.አ. ኤልየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ መፍትሔ እንዲፈልግ ተጠራ፡፡ ያመጣው ዘዴ እንቆቅልሽ አይደለም፡፡ ትምህርቱን በቁራጭ በቁራጭ ከፈለው፤ በቡድኑ ውስጥ ላለ ለያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቁራጭ ሰጠ፤ ሙሉውን ማንም አልያዘም፡፡ ፈተናው ግን ስለ ሙሉው ነው፡፡ እንግዲህ የሚንተባተበውን፣ እንግሊዝኛ የሚከብደውን፣ ትናንት ያፌዝበት የነበረውን ልጅ አድምጦ ካልጨረሰ አንድ ቁራጭ ይጎድልበታል፡፡ ልጁን መጠየቅ አለበት፤ ለመጠየቅ ደግሞ መጥራት አለበት፡፡ 1 ለ 5 ላይ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ምንም የሚሰጡት ነገር እንዳላቸው አልታሰበም፡፡ እስቲ የሱሉልታ አንደኛ ክፍል ላይ ይህን አስቡት፤ ስለ ላምና ስለ ወተት ሲማሩ የነባሩ ገበሬ ልጅ የያዘውን ቁራጭ ከኮንዶሚኒየም የመጣው ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ሰበታ ውስጥ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ዓይነ ስውራን ልጆች ከየአገሩ መጥተው እያደሩ የሚማሩበት፡፡ ዓይናማው ልጅ ዓመቱን ሙሉ «ያኛው» እያለ በጣቱ ሊኖር ይችላል፡፡ ዓይነ ስውር ልጅ በጣት አይጠራም፡፡ የሚጠራው በስም፣ የሚለየው በድምፅ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ ያ ልጅ መናገር አለበት፡፡ አንድ አጥር ወዲህ ያለው ዓይናማ ክፍል ይህን ለምን እንደማይሞክረው አይገባንም፡፡ አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አንዱ ይናገር፣ ሌሎቹ ማን እንደሆነ ይገምቱ፡፡ ሣቁን አስቡት፡፡ ወጪው ዜሮ ብር ነው፡፡

ይህን ስንል መምህራን ምን እንደሚሉ እናውቃለን፤ ከመካከላችንም አንዷ መምህርት ናት፡፡ «ስልሳ ልጅ ይዤ? ፖርሽን ሳልጨርስ?» ነው የምትለን፡፡ ደረጃው ለአንድ ክፍል ሃምሳ ይላል፤ ስንት እንደሚታጎር ግን እሷ ናት የምታውቀው፡፡ እሺ፣ እናስላ፡፡ በቀን አራት ልጅ፡፡ ጠዋት ስም ሲጠራ አራቱ ይነሳሉ፤ ስማቸውን ይናገራሉ፣ ስሙን ማን እንዳወጣላቸውና ምን ማለት እንደሆነ ከቤት ጠይቀው የመጡትን ይናገራሉ፣ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፡፡ አምስት ደቂቃ፡፡ ስልሳው ልጅ በአሥራ አምስት የትምህርት ቀን ያልቃል፤ ከመስቀል በፊት ባይሆን ጥቅምት ሳይጋመስ፡፡ ስልሳ ልጅ ስም ለስም ሲተዋወቅ ደግሞ ቲቸርም በነጻ ትማራለች፤ «ባለ ቀይ ሹራቡ» ማለቷን ትተዋለች (ሹራቡ እኮ የወንድሙ ነበር፣ ዘንድሮ እሱ ለብሶታል፣ ከርሞ ታናሹ ይለብሰዋል)፡፡ የስም ትርጉሙ ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው፡፡ ቶለሳ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ከቶለሳ አፍ ሲሰማው፣ ቶለሳም «ማስረሻ» የተባለችው ልጅ እናቷ ምን እንድትረሳ እንደሆነ ሲሰማ፣ እነዚያ ልጆች ነገ እረፍት ላይ የሚያወሩት አያጡም፡፡

መቀመጫውም ይነካ፡፡ መስከረም ላይ የያዙትን ዴስክ ሰኔ ድረስ መያዝ የማን ሕግ ነው? ጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መቀመጫ በየጊዜው በዕጣ ይቀያየራል፤ ልጆቹ የሚጓጉለት ቀን ነው፡፡ እኛ ጋ መቀመጫ የሚቀየረው ሲረበሽ ነው፡፡ በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ዕጣ ይውጣ፤ ቁመታቸው ያጠረውና ዓይናቸው የሚደክመው ፊት ይሁኑ፣ ሌላው እንደ ዕጣው፡፡ መጋቢት ላይ መሸኛ ይዞ የመጣውም ልጅ ቢሆን የሚቀበለው አንድ ልጅ ይመደብለት፤ ሽንት ቤቱን የሚያሳየው፣ ውሃው የት እንዳለ የሚነግረው፣ ስሙን ለሌሎቹ የሚያስተዋውቀው፡፡ ለዚህ ሥራ በክፍሉ ውስጥ በጣም የሚያወራውን ልጅ እንጠቁማለን፡፡ እንትናን፡፡ ረባሽ ዝርዝር ላይ አንደኛ የሆነውን፡፡

ጨዋታውንም አንርሳ፡፡ አኩኩሉ ስንጫወት የተደበቀውን ያገኘ ልጅ ስም መጥራት አለበት፤ «እገሌ!» ብሎ ካልጮኸ ያገኘው አይቆጠርለትም፡፡ ማንም ባለሙያ ያላወጣው የስም ማስተማሪያ ነው፡፡ በእረፍት ሰዓት አንዲት መምህርት ሁለቱን ክፍሎች፣ የፊደሉንና የቁቤውን፣ ለአንድ ዙር አኩኩሉ ብታቀላቅላቸው ልጆቹ ለማሸነፍ ሲሉ የሠላሳ ልጅ ስም በአንድ ሳምንት ይይዛሉ፡፡ ቶለሳን «ቶሎሳ» የሚለው ይኖራል፣ ማስረሻን «ማስራሻ» የምትለውም ትኖራለች፡፡ ይተራረማሉ፡፡

ወላጆች «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፣ ለጨዋታ አይደለም» ይሉ ይሆናል፡፡ እንዲህ ለሚሉን አንድ ነገር እንጠይቃለን፡፡ ልጅዎ ቁጥሩ አልገባውም እንበል፤ ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ፣ ቲቸር አንድ ናት፡፡ ማንን ይጠይቅ? ስሙን የማያውቀውን ልጅ ላጲስ እንኳ አይጠይቀውም፤ እኛ የአንድ ልጅ ስም ስለማናውቅ እርሳሳችንን በጥርሳችን ስንቀርጽ የከረምን ነን፡፡

ይህ ሁሉ የቢሮ ደብዳቤ አይፈልግም፡፡ ሥርዓተ ትምህርት እስኪከለስ፣ ሥልጠና እስኪሰጥ፣ አበል እስኪታሰብ መጠበቅም አያስፈልግም፡፡ ርዕሰ መምህሩ ሊወስናት የምትገባው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ደወል እረፍት ይውጡ፡፡ የተማርንበት አንዱ ግቢ ውስጥ የአማርኛው ክፍል እረፍት ሲገባ ነበር የአፋን ኦሮሞው የሚወጣው፤ ምክንያቱ ሜዳው ይጠብባል የሚል ነበር፡፡ ሜዳው ጠባብ ነው፣ እውነት ነው፡፡ ለአኩኩሉ ግን ጠባብ ሜዳና ብዙ ልጅ ይመረጣል፡፡ አለቃውም ከፈለገ ወረቀቱንና እስክሪፕቶውን ይዞ ይምጣ፤ ማን የስንቱን ልጅ ስም እንደጠራ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል፡፡